በፊውዙ ቦታ ስለገባው ሽቦ የተሰጠ ተጨማሪ ቃል

የመዝገብ ቁጥር፦ 47/79
የምስክሩ ስም፦ ንብረት ሙሴ
ዕድሜ፦ 22 ዓመት
የትውልድ ቦታ፦ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ ሳውላ
አድራሻ፦ ጂንካ ከተማ፣ ቀበሌ 02፣ በኪራይ ቤት
የትምህርት ደረጃ፦ በኤሌክትሪክ ሙያ ዲፕሎማ
ሥራ፦ የድምፅ ማጉያ ቴክኒሺያን፣ ከተቀጠረ ሦስት ወሩ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ መኮንን ጥላሁን

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው እኔ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን ከቀኑ 10፡00 ሰዓት በዚሁ ቢሮ ቀርቤ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። በዚያን ጊዜ፣ በድምፅ ማጉያው መስመር ላይ በፊውዝ ፈንታ የተገኘውን ሽቦ ማን እንዳስገባው ተጠይቄ «አላውቅም፤ ዕቃውን ዘወትር የሚነካው ሶርሳ ዶላሞ ነው» ብዬ መልሻለሁ። ዕቃውን ዘወትር የሚነኩት እርሳቸው መሆናቸው እውነት ነው። አላውቅም ያልኩት ግን ውሸት ነው። ሽቦውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ የመጣሁትም ይህንኑ ለማስመዝገብ ነው።

ሶርሳ ዶላሞ የበዓሉን ድምፅ በአሻጥር አቋርጠዋል ተብለው ከቅዳሜ ጀምሮ ታስረዋል። በዚህ ጽሑፍ ላይ «ተጠርጣሪው» ተብለው እንዲጠሩ ቢነገረኝም፣ እኔ ሁልጊዜ ጋሽ ሶርሳ ስለምላቸው በዚሁ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ሃምሳ አለቃ ፈቅደውልኛል።

ጋሽ ሶርሳ የአሪ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። በከተማው የድምፅ ማጉያ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። እኔ በሐምሌ ወር ተመድቤ ስመጣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተርና በተለምዶ ጥሩንባ የምንላቸው አራት ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢቃጠል ምትኩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ብቻ ስድስት ወር ይፈጃል። እኔ ግን ገና እንደመጣሁ ራቅ ላሉት ለዲመካ፣ ለሃናና ለዱስ ሳይቀር ድምፅ ማጉያ የሚተከልበትን ዕቅድ በደብተር ጽፌ ለኃላፊዬ አቅርቤ ነበር። ጋሽ ሶርሳ ዕቅዱን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው «ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን እነዚህን አራቱን እናኑራቸው» አሉኝ።

አያያዛቸውን በሚመለከት ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ጋሽ ሶርሳ የኤሌክትሪክ ትምህርት የላቸውም። ጥሩንባ ሲጮህ ግን ከጀርባው ያለውን ክብ ብረት በመዳፋቸው ይነኩታል። እስከ ሦስት እስኪቆጥሩ እጃቸው መቆየት ካቃተው ድምፁን ይቀንሳሉ፤ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን ይቀንሳሉ። ማይክሮፎኑንም የገዛ ካልሲያቸውን በሳሙና አጥበው ያለብሱታል። ተናጋሪውን ማይክሮፎኑን ደረቱ ላይ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የእኛ ሰው ሲመርቅ ይተፋል፣ እፍ ይላል። ያ ትንፋሽ ተጠናክሮ ጥሩንባው ጋ ሲደርስ ውስጡን ይቀድደዋል» ብለውኛል። እኔ በልቤ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ነበሩ። በጥሩንባው ውስጥ ድምፅ የሚፈጥር ስስ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጋር ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የሽቦ ጥቅል ተያይዟል። ድንገተኛ ትንፋሽ ሽፋኑን ከቦታው ሊያስወጣው ይችላል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሳይቋረጥ ሲመጣ ደግሞ ጥቅሉ ይቃጠላል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ከካልሲው ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ለሁለተኛው አደጋ መከላከያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በነሐሴ ወር አራቱን ጥሩንባዎች ግራና ቀኝ በሁለት መስመር ከፍዬ፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ አንድ ፊውዝ አስገባሁ። ጋሽ ሶርሳ ትንሿን የመስታወት ፊውዝ በጣታቸው ይዘው «ይቺ ምን ትሠራለች?» አሉኝ። ኃይል ሲበዛ እሷ ቀድማ ትበጠሳለች፣ ጥሩንባው ይተርፋል አልኳቸው። «እንግዲያው ታላቅ ወንድም ናት፤ ለታናሹ ዱላውን ትቀበላለች» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲፕሎማው እያሉ ይጠሩኛል። በፌዝ ነው፤ ግን አይከፋኝም ነበር።

ወደ በዓሉ ጉዳይ ስመለስ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ለቻሉ ሰዎች የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ተወስኖ፣ ከአርባ ምንጭ እንግዳ እንደሚመጡ ተነገረን። ቦታው አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ሆነ። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ወርቅነህ ይባላሉ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ድምፁ እስከ ገበያው እንዲደርስ አዘዙ። ዓርብ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ልምምድ ስናደርግ ጓድ ወርቅነህ ገበያው ጥግ ቆመው ነበር፤ ሰው እየላኩ ጨምር፣ ጨምር አስባሉን። ጋሽ ሶርሳ የጥሩንባውን ጀርባ ነክተው «ጓድ ወርቅነህ በእግራቸው ነው የራቁት፤ ጥሩንባው ምን አጠፋ?» አሉ። እኔ ጨመርኩ። የግራው መስመር ፊውዝ ተበጠሰ። በእጄ ከነበሩት ሁለት ትርፍ ፊውዞች አንዱን ተካሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት እንደገና ስንሞክር ያኛውም ተበጠሰ። የመጨረሻዋን ብተካት እሷም ከሩብ ሰዓት በኋላ ተበጠሰች። በጂንካ ሱቆች ዞሬ ጠየቅሁ፤ የእጅ ባትሪ አምፖል እንጂ ፊውዝ የለም። የቀኙ መስመር ፊውዝ አልተነካም፤ የግራው ግን ባዶ ሆነ። ጓድ ወርቅነህ መጥተው የግራው ወገን ለምን ዝም እንዳለ ጠየቁኝ። ችግሩን ነገርኳቸው። «የተማርከው ለዚህ አይደል? መፍትሔ አምጣ። እንግዳው ፊት አንድ ደቂቃ ቢቋረጥ የምጠይቀው አንተን ነው» አሉኝና ሄዱ።

በዚያን ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ የግራዎቹን ሁለት ጥሩንባዎች አውርዶ በሁለቱ ብቻ መሥራት ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ሦስት ወር የሠራ ሰው በመጀመሪያው ትልቅ በዓል ዕቃ አወረደ እንዳይባል ፈራሁ። ከመብራት ገመድ ውስጥ የመዳብ ክር መዝዤ በፊውዙ ቦታ አስገባሁ። አንድ ክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ኃይል ሲበዛ ይበጠስ ነበር። እኔ ግን እንዳይበጠስብኝ ብዬ አምስት ክር አንድ ላይ ጠምጥሜአለሁ። አምስቱን ክር የቆጠርኩት ራሴ ነኝ። ሰዓቱም ከጠዋቱ 3፡00 ገደማ ነበር።

ከዚያም ሌሎች ሁለት ነገሮች አድርጌአለሁ። አንደኛ፣ ካልሲውን ከማይክሮፎኑ ላይ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። እንግዳው ካልሲ ፊት ቆመው ንግግር ሲያደርጉ ታየኝና አፈርኩ። ጋሽ ሶርሳ አይተው «ዲፕሎማው፣ ራቁቱን አስቀረኸው?» አሉኝ። ዛሬ ይቅር፣ ትልቅ ሰው ይመጣል አልኳቸው። «ትልቅ ሰው ትልቅ ትንፋሽ አለው» አሉ። ሁለተኛ፣ ድምፁን እኔ ልቆጣጠር ብዬ ጋሽ ሶርሳን ከአምፕሊፋየሩ አስነስቼ መሣሪያው ከተቀመጠበት ድንኳን በስተጀርባ ሃያ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ወዳለው ጄኔሬተር ላክኋቸው። አሥራ አንድ ዓመት ከተቀመጡበት ወንበር ነው ያስነሳኋቸው። የቤንዚኑን ጀሪካን አንስተው ሄዱ።

እንግዳው ከጠዋቱ 4፡15 ገደማ ደረሱ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ዘግይተዋል። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከገበያ ፍየል እየጎተተ የመጣም ነበር። መርሐ ግብሩ እንዲከፈት የተያዘው በምርቃት ነው። መራቂው አባባ ሻንቆ ይባላሉ፤ ከበና የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በዚያው ቀን የምስክር ወረቀት ከሚቀበሉት አንዱ ነበሩ። ተናጋሪዎችን ሁሉ ማይክሮፎኑን ከንፈራቸው አጠገብ እንዲይዙ ጠዋት አሠልጥኜ ነበር። አባባ ሻንቆ ማይክሮፎኑን ሲቀበሉኝ አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ብረት ምርቃት ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። ይችላል አባባ፣ ብቻ ወደ አፍዎ ያስጠጉት አልኳቸው። «የእኔ ምርቃት ከባድ ነው» አሉ። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

አባባ ሻንቆ «ዝናብ ይዝነብ» ሲሉ ሕዝቡ ተቀበላቸው። «ከብት ይርባ፣ ልጅ ይደግ» ሲሉም ተቀበላቸው። ድምፃቸው በጣም ጥሩ ነበር፤ ገበያው ድረስ እንደሚሰማ አውቄ ደስ አለኝ። ከዚያ እንደ ባህላቸው ምርቃቱን ለማሳረፍ እፍ ብለው ተፉ። ማይክሮፎኑ ከንፈራቸው ላይ ነበር፤ ድምፅ መጨመሪያውም እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ከአራቱም ጥሩንባ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ወጣ። ሕዝቡ ጎንበስ አለ፤ ጠባቂዎች መሣሪያቸውን ያዙ። አባባ ሻንቆ ደንግጠው ማይክሮፎኑን እንደያዙ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ በግራ በኩል ከተተከለው ጥሩንባ ፊት ደረሱ። ወዲያው ጥሩንባው የራሱን ድምፅ በማይክሮፎኑ መልሶ እየተቀበለ ያለማቋረጥ ያፏጭ ጀመር። የቀኙ ወገን በቅጽበት ዝም አለ፤ ፊውዙ በመበጠሱ መሆኑን በኋላ አረጋግጫለሁ። የግራው አላቆመም።

በዚህ ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ተጠይቄ፣ እጄ ድምፅ መጨመሪያው ላይ እንደነበረ አስረድቻለሁ። ወደ ግራ ባዞረው ኖሮ ፉጨቱ ይቆም ነበር። ነገር ግን እንግዳው ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ማይክሮፎኑ ሲመጡ አየሁ። ጓድ ወርቅነህም ከፊት ሆነው እንዳታጠፋው የሚል ምልክት በእጃቸው ሰጡኝ። ድምፅ አቋረጠ የሚለው ቃል ብቻ በጭንቅላቴ ዞረ። እጄን አላንቀሳቀስኩም። ምን ያህል እንደቆየ በትክክል መናገር አልችልም፤ ከአሥር ሰከንድ ግን አያንስም። የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ከግራው ጥሩንባ ወጣ።

ጋሽ ሶርሳ ከጄኔሬተሩ ራቅ ብለው ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጠው ፉጨቱን ሰምተዋል። ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠው ዋናውን ገመድ ነቀሉት። ሕዝቡ ያየው ይህን ብቻ ነው፤ እንግዳው ማይክሮፎኑን ሊይዙ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው አንድ ሰው ሮጦ ገመድ ነቀለ፣ በዓሉም ዝም አለ። ጠባቂዎቹ እጃቸውን ጠምዝዘው ያዟቸው። ጋሽ ሶርሳ «ቆይ፣ መሣሪያውን አትንኩት፣ ይቀዝቅዝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዳው ያለ ድምፅ ማጉያ ጥቂት ተናግረው የምስክር ወረቀቱን አደሉ።

ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ጓድ ወርቅነህ ባሉበት የፊውዙን ሣጥን ከፈትኩ። ሽቦውን በብዕራቸው ጫፍ እያመለከቱ «ይሄ ምንድነው? ማን ነው ያስገባው?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሌላ ሰው ነው ብለው ተረጎሙት፤ እኔም አላረምኳቸውም። ከሁለት ሰዓት በኋላ እዚህ መጥቼ በመጀመሪያ ገጽ የተጠቀሰውን ቃል ሰጠሁ።

ለቀረበልኝ ጥያቄ፣ ስለ ዕቃዎቹ ሁኔታ የሚከተለውን አረጋግጣለሁ። የግራው ሁለት ጥሩንባዎች ተቃጥለዋል። የቀኙ ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ያተረፋቸው በቦታው የነበረው ፊውዝ ነው። አምፕሊፋየሩም ደህና ነው፤ እሱን ያተረፉት ጋሽ ሶርሳ ናቸው። ጥሩንባው ውስጥ የተቃጠለው ጥቅል እርስ በርሱ ሲገናኝ አምፕሊፋየሩም አብሮ መቃጠሉ አይቀርም ነበር። አሻጥር የፈለገ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መሮጥ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ባሉበት ቁጭ ብለው መስማት ብቻ ይበቃቸው ነበር። አባባ ሻንቆን በሚመለከትም በክፋት ተፍተዋል የሚል ወሬ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ያደረጉት በአካባቢያቸው ማንም መራቂ የሚያደርገውን ነው፤ አስጠጉት ያልኳቸውም እኔ ነኝ።

እስከ ዛሬ ለምን እንደዘገየሁ ተጠይቄ፣ ፈርቼ ነው ብዬ መልሻለሁ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም። ሰኞ ጠዋት የጋሽ ሶርሳ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ ለባለቤታቸው ቁርስ አድርሰው ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ሶርሳ ልኮኝ ነው። የቀኞቹ ጥሩንባዎች ዝናብ እንዳይመታቸው አውርዳችሁ አስገቧቸው ብሏል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሊሄዱ ብለው ተመልሰው «አንተ የእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያ ነኝ አልኳቸው። «ይታያል፤ መገሰጽ አልለመድክም» አሉና ሄዱ። ጥሩንባዎቹን በዚያው ጠዋት ወጥቼ አወረድኳቸው። ጀርባቸውን ስነካው ቀዝቃዛ ነበር። ማክሰኞ እመጣለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ጣቢያው በር ደርሼ ተመልሻለሁ። በር ላይ የነበረው ዘብ ሁለተኛውን ጊዜ «ወንድም፣ መንገድ ጠፋህ ወይ?» ብሎኛል።

ሃምሳ አለቃ መኮንን ሽቦውን ያስገባሁት በጓድ ወርቅነህ ትእዛዝ እንደሆነ እንዲጻፍልኝ እፈልግ እንደሆነ ጠይቀውኛል። እንደዚያ ቢጻፍ ለእኔ እንደሚቀልም አስረድተውኛል። አስቤ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። ጓድ ወርቅነህ ድምፁ እንዳይቋረጥ አዝዘዋል፤ እንዳታጠፋው የሚል ምልክትም ሰጥተዋል። ይህ ይጻፍ። ሽቦ አስገባ ግን አላሉኝም፤ ሽቦ ምን እንደሚያደርግም አያውቁም። በዚያ ሜዳ ላይ ይህን በትምህርት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ቃሌን በመለወጤና ሐሰት በመናገሬ ከምስክርነት ወደ ተከሳሽነት ልዛወር እንደምችል፣ ዛሬም ወደ ቤቴ ላልመለስ እንደምችል ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። የዕቅድ ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ አስረክቤአለሁ። አንድ ነገር ግን በጽሑፍ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። በመጪው ቅዳሜ በዲመካ ገበያ ስለ ልጆች ክትባት ማስታወቂያ እንዲነገር ፕሮግራም ተይዟል። የቀሩት ሁለት ጥሩንባዎች ብቻ ናቸው፤ ፊውዝም የለም። ያለ ፊውዝ በእጃቸው እየዳሰሱ ሊሠሩባቸው የሚችሉት ጋሽ ሶርሳ ብቻ ስለሆኑ፣ ጉዳያቸው እስከዚያ ቀን እንዲታይላቸው አመለክታለሁ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የተናገርኩት ነው። ሃምሳ አለቃ ቃል በቃል አንብበውልኛል፤ «አምስት ክር» የሚለው «አራት ክር» ተብሎ ተጽፎ ስለነበር አስተካክለውልኛል። ከቅዳሜው ቃሌ ጋር በሚጋጭበት ሁሉ ይኸኛው እንዲያዝልኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ንብረት ሙሴ

የመዝጋቢው ማስታወሻ፦ ቃሉ ካበቃ በኋላ፣ በምርመራ ኃላፊው ፈቃድ፣ ከቀኑ 6፡10 ሰዓት ላይ ሶርሳ ዶላሞ ከማረፊያ ክፍል ተጠርቶ ከላይ የተጻፈው ተነቦለታል። ተቃውሞ እንዳለው ተጠይቆ፣ የምቃወመው የለም፣ የሚጨመር ግን አለ በማለት የሚከተለውን አስመዝግቧል። «ቅዳሜ ጠዋት ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ልወስድ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ልጁ ሽቦ ሲጠመጥም አይቻለሁ። ወፍራም መሆኑንም አይቻለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይሰማኝ ነበር። አኩርፌ ዝም አልኩ፤ ዲፕሎማ ያለው ሰው ሲሠራ እኔ ምን አገባኝ፣ ይቅመሰው ብዬ። ይህም ይጻፍ።» ይህ ከተጻፈ መፈታቱን ሊያዘገይበት እንደሚችል ተነግሮት ነበር። ንብረት ሙሴ በዚያው ክፍል ተቀምጦ ስለነበር፣ ጋሽ ሶርሳ ይቅርብዎ ብሎ ለምኖታል። ሶርሳ ዶላሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጻፍ ብሏል። ተጽፏል።

የሶርሳ ዶላሞ የአውራ ጣት አሻራ፦ ተደርጓል
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ መኮንን ጥላሁን፣ ፊርማ